«የሚነሳ ነዋሪ የለም» ላላችሁት ዘገባ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የከተማችን የባሕር ዳር ምክር ቤት ስለ ጣና ዳርቻ መልሶ ማልማት፣ ስለ ቤት ልማትና ስለ ሐይቁ ጽዳት የተወያየበትን ስብሰባ ዘግባችሁ አነበብኩ። አንባቢዎቻችሁም አንብበውታል፤ ስለዚህ ሙሉውን አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ከዳርቻው የሚነሳ ነዋሪ የለም» ብላችኋል። ትንሽ ወረድ ብላችሁ ደግሞ ሐይቁን የሚበክለው «በዳርቻው የሰፈሩ ሰዎች የሚጥሉት ቆሻሻ» ነው ትላላችሁ።

የትኛው ነው እውነቱ? ሲያስነሱን የለንም፣ ስናቆሽሽ ግን አለን? ካሳ ሲታሰብ ባዶ መሬት ነን። ጥፋተኛ ሲፈለግ ወዲያው መንደር እንሆናለን። ጽሑፉን ያረመው ሰው ሁለቱን አንቀጾች አጠገብ ለአጠገብ ቢያነባቸው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

እኔ የነገደ ወይጦ፣ ማለትም በጣና ዳር በዓሣና በደንገል ሥራ የሚኖር ማኅበረሰብ፣ ልጅ ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነው። እናቴም አያቴም እዚያው ተወለዱ። ሰፈራችን የተደበቀ ሰፈር አይደለም። የደንገል ታንኳዎች ውሃቸው እንዲንጠፈጠፍ ቆመው የሚደርቁበት፣ እናቶች መሶብና ሙዳይ እየሰፉ የሚውሉበት፣ ቱሪስት ፎቶ የሚያነሳበት ሰፈር ነው። እናንተም ከዚሁ ዘገባ አናት ላይ ያወጣችሁት ፎቶ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ነው። ያ ሰው ሲመሽ የሚገባው የት ይመስላችኋል? ከፎቶው ሥር «የሚነሳ ነዋሪ የለም» ብሎ መጻፍ እንዴት አላሳፈራችሁም?

ዘጋቢያችሁ አዳራሽ ውስጥ የተባለውን ጽፏል። ሥራው ነው፣ በዚያ አልወቅሰውም። ግን ከአዳራሹ እስከ ሐይቁ በባጃጅ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሳይጠይቅ ያየን ነበር።

አለመቆጠር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። በዚያ ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት አብሮን ማዕድ አይቀርብም ነበር። እኛም ሙስሊሞች ነን፣ ግን እሱም አላዳነንም። ትምህርት ቤት እያለሁ ከኔ ጋር ዳቦ የማይቆርሱ ልጆች ነበሩ። አስተማሪዎቹ ያዩ ነበር፤ አንዳቸውም አልተናገሩም። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም። ሰፈራችን ከመዝገብ ሲጎድል «ተረስቶ ነው» የሚለኝን ሰው ለማመን የምቸገረው ለምን እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት በኛና በውሃው መካከል ግንብ አቆመ። እናቴ ድሮ ከደጇ ወርዳ ደንገሏን ታጥብበት የነበረው ቦታ ዛሬ ከግንቡ ጀርባ ነው። እርጥብ ደንገል ተሸክማ ግንቡን ዙራ ትመጣለች። አቤት ለማለት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ወጣቱ ሠራተኛ «እማማ፣ ካርታ አለዎት?» አላት። የላትም። «እንግዲያው ምን ላድርግልዎት?» አለና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። የመብራት ቆጣሪ ስንጠይቅም መልሱ ያው ነበር፣ ካርታ። ለመዋጮ ሲሆን ግን ካርታ የጠየቀን የለም። እምቦጭ ንቀሉ ሲባልም ቤታችን የት እንዳለ ይታወቃል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትልቁ ዘመቻ ሲጀመር ከኛ ሰፈር ጎረምሶች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረም ጎትተዋል። ያኔ ነዋሪዎች ነበርን።

አሁን ወደ ብክለቱ ልምጣ። ሰፈራችን ንጹሕ ነው አልልም። መጸዳጃ ቤት በበቂ አልተሠራልንም፣ የቆሻሻ ገንዳም ከኛ ይርቃል። ይህ በአስቸኳይ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው፤ ከማንም በፊት የሚታመሙት የኛው ልጆች ናቸው። ነገር ግን ጣናን እኛ አበላሸነው የሚል ሰው የሐይቁን ነገር አያውቅም።

ጣና ከ3000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ወይም 15 ሜትር ነው። እንዲህ የሰፋና ያልጠለቀ ውሃ የገባበትን ነገር ሁሉ ቶሎ ያሳያል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በክረምት ከተራቆተው ደጋ አፈር ጠርገው ያመጣሉ። ከአፈሩ ጋር ከእርሻው የታጠበ ማዳበሪያ ይመጣል። እምቦጭ የሚወደው ይህንኑ ነው። አረሙ ሐይቃችን ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ክፉኛ የተንሰራፋው በሰሜንና በምሥራቅ በኩል፣ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻዎች ነው። ከኛ ሰፈር ተነስቶ አይደለም እዚያ የደረሰው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ በአንድ ዘመቻ የማይጠፋውም ለዚህ ነው።

በከተማው በኩል ያለው ችግር ደግሞ ፍሳሽ ነው። ባሕር ዳር ለአሥርተ ዓመታት ያደገችው ማዕከላዊ የፍሳሽ መስመርና ማጣሪያ ሳይኖራት ነው። ፎቁ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ፍሳሹ ግን የት እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም። የቆዳና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ዓባይ እንደሚገባ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲጽፉበት ኖረዋል። እኛ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ከቱቦዎቹ ምን እንደሚወጣ በዓይናችን እናያለን። በአፍንጫችንም። ፍሳሹን ለመልቀቅ ዝናብ የሚጠበቀው ጎርፉ ስለሚሸፍነው ነው። ዘገባችሁ ውስጥ ስለ ቱቦ አንድ ቃል የለም። ስለ ሆቴልም የለም። ስለ ፋብሪካም የለም። ያለነው እኛ ብቻ ነን፣ ያውም እንደ ቆሻሻ ምንጭ።

ያልጻፋችሁት ሌላም ነገር አለ፤ ደንገሉ። ደንገል ዕቃ መሥሪያ ብቻ አይደለም። ጎርፍ ያመጣውን ደለል የሚይዘው፣ ማዳበሪያውንም ከውሃው የሚስበው የዳርቻው ደንገልና ረግረጉ ነው። ዓሣውም መጠለያ ያገኝበታል። ዛሬ ብዙው ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል፣ ግንባታም ገብቶበታል። ድሮ ከደጃችን የምናጭደውን ዛሬ ርቀን ሄደን ነው የምናመጣው። እንግዲህ «ዳርቻውን እናጽዳ» ብሎ የቀረውን ረግረግ በድንጋይና በሲሚንቶ መሸፈን ሐይቁን ማጽዳት ሳይሆን ማጣሪያውን መንቀል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ውሃውን ያቆሽሸዋል እንጂ አያጠራውም። ምክር ቤቱ በዚህ ላይ የሐይቅ ባለሙያዎችን ቢያዳምጥ ደስ ይለኛል። ከነሱ ቀጥሎም እናቴን ቢያዳምጥ፤ ደንገሉ የት የት እንደነበረ ከሷ በላይ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ያን ጊዜ ደስ ብሎን ነበር። ምዝገባው ሰው ከተፈጥሮው ጋር ተስማምቶ እንዲኖርበት እንጂ ነባሩ ሰው ተነቅሎ ለሻይ ቤት ቦታ እንዲለቅ አይደለም።

የቤት ልማቱን እኔ አልቃወምም። የኛን ቤት ያየ ሰው ማንም አይቃወምም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ውሃው ከነምንጣፋችን ያነሳናል። ደረቅ ቤት የማይመኝ አለ እንዴ? ነገር ግን ኮንዶሚኒየም ለመመዝገብ የባንክ ቁጠባ ያስፈልጋል። በማኅበር ለመደራጀትም እንዲሁ። ታንኳ ቀዝፎ ዓሣ የሚያወጣና ሙዳይ ሰፍታ የምትሸጥ ሰው በየወሩ እኩል ገንዘብ አታገኝም፤ አንድ ሳምንት ይገኛል፣ ሌላ ሳምንት ማዕበሉ ያስቀምጣል። ቤቱ ቢገኝ እንኳ የት ነው? ከከተማው ወጣ ብለው ያሉት ዘንዘልማ ወይም መሸንቲ ከሆነ እናቴ ደንገሏን በምን ታመጣለች? አራተኛ ፎቅ ላይ የት ታሰጣዋለች? የደንገል ታንኳ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ቢደርቅም ዕድሜው አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ አዲስ ይሠራል። ሐይቁ ዳር ማድረቂያ ቦታ የሌለው ሰው ታንኳ የለውም ማለት ነው። ይህን ዘገባችሁ ቢጽፈው ኖሮ የምክር ቤት አባላቱም የሚወያዩበት ነገር ያገኙ ነበር።

ካርታ የላችሁም ለሚሉን ደግሞ ሕገ መንግሥቱን እንዲያነቡ እጠይቃለሁ። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 መንግሥት በሚያካሂደው ፕሮግራም ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ሁሉ ማካካሻ ይገባቸዋል ይላል። ካርታ ላላቸው ብቻ አይልም። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። እኛን የጠየቀን የለም። የሌለን ሰው ደግሞ ማን ይጠይቃል? «ነዋሪ የለም» የሚለው የናንተ ዓረፍተ ነገር የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ዛሬ ዜና ነው። ነገ አንድ ባለሥልጣን ፋይል ውስጥ አስገብቶ «በወቅቱ ተዘግቦ ነበር» ይላል።

ስለዚህ ማረሚያ አውጡ። በዳርቻው ሰው እንደሚኖር፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ እዚያ እንዳለ፣ ዘገባችሁ እንዳልቆጠረው ጻፉ። ማረሚያውን ዘገባው በወጣበት ቦታ አድርጉት፣ ማንም በማያየው ጥግ አይሁን። ዘጋቢያችሁንም ላኩልን። ጠዋት ታንኳዎቹ ሲገቡ ይምጣ፣ ቡና አፍልተን እንጠብቀዋለን። ስለኛ ቆሻሻ ጠይቆ ሲጨርስ በዳርቻው ካሉት ሕንፃዎች ባለቤቶችም ፍሳሻቸው የት እንደሚገባ ይጠይቅ።

ለምክር ቤቱ አባላት ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት ቆጠራ ይካሄድ፤ ቆጠራውም በግቢ ቁጥር አይሁን። በኛ ሰፈር ልጅ ሲያገባ ከወላጆቹ ጎጆ ጎን ጎጆ ይቀልሳል እንጂ ሌላ የሚሄድበት የለውም። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ትዳር አለ። በግቢ ከተቆጠረ ታላቁ አንድ ቤት ያገኛል፣ ሌሎቹ ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እያንዳንዱ ባልና ሚስት፣ ባሏ የሞተባት እናት፣ ተከራይ ሆኖ የሚቀዝፍ ወጣት፣ ሁሉም በየስሙ ይመዝገብ። መዝገቡም ሰፈራችን ውስጥ ተለጥፎ፣ ማንበብ ለማይችሉት ተነብቦ፣ የጎደለ ካለ ይሟላ። ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ይሁን።

ከባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ነዋሪ