ለደንበኞቻችን፦ ያልጸደቀ ሽያጭ በአንድ ደቂቃ እንዲሰረዝ ስላደረግንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጥር 9 ቀን፣ በከተራ ዋዜማ፣ ከተማችን በእንግዳ ተሞልታ ሳለ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራማችን በመቋረጡ ገዢ ፊት ቆማችሁ «ሲስተም የለም» ለማለት በመገደዳችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወዲህ የበረታው ቅሬታ ግን ተጀምሮ አንድ ደቂቃ ያልተነካ ሽያጭ እንዲሰረዝ ማድረጋችን ነው። «ለደንበኛ ግድ የላችሁም» የሚለው ቃል ልቤን ስለነካው በዝርዝር ላስረዳ።

በዕለቱ አዘዞ ከሚገኙ ሱቆች በአንዱ፣ ሽያጩ ተራ ቁጥር ከወሰደ በኋላ ሳይጸድቅ (ተጠናቆ ሳይመዘገብ) መብራት ጠፋ። ሰርቨሩ (የሁላችሁም ሽያጭ የሚመዘገብበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ይህን አላወቀም፤ ሰርቨሩን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት፣ ካልተስተካከለ በቀር፣ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን መጠየቅ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። የሁላችሁም ሽያጭ ቁጥር የሚወስደው ከአንድ መዝገብ ስለነበር (እንዲህ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ) ያ ያልጸደቀ ሽያጭ መዝገቡን እንደቆለፈው ሲቀር ሌላው ሁሉ ከኋላው ተሰለፈ። የሚጠብቀውም እያንዳንዱ አንድ ግንኙነት ይዞ ነው። መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስ የተባለው ፕሮግራም ሲጫን የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ሲሞላ፣ ዋጋ ለማየት ብቻ የመጣው ሳይቀር ተመለሰ። ሰርቨሩን አጥፍተን ብናስነሣውም መብራቱ ዳግም ሲቆራረጥ ያው ሆነ፤ የግንኙነቶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ስንመረምር ነው ሁሉም የሚጠብቁት አንዱን መሆኑ የታየን። የጸደቀ ሽያጭ ግን አንድም አልጠፋም።

«የሚፈቀደውን የግንኙነት ብዛት ለምን 500 አታደርጉትም?» ብላችሁናል። የምንከራየው ማሽን 4 ፕሮሰሰር ስላለው በአንድ ቅጽበት የሚያሰላው አራት ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ግንኙነትም የራሱን ሜሞሪ ይወስዳል። በሩን ብናሰፋው ወረፋው ይረዝማል እንጂ የተቆለፈው አይከፈትም። ኪራዩን የምንከፍለው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ለዚያው ማሽን የምናወጣው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የእናንተን ወርሃዊ ክፍያ ግን አልጨመርንም።

ስለዚህ ተራ ቁጥሩን ለየሱቁ ለየን፤ በሱቆቹና በፖስትግሬስ መካከልም ፒጂባውንሰር የተባለውን ፕሮግራም አስገባን፤ እርሱም 20 ግንኙነት ብቻ ለሁሉም ያዞራል። ያልጸደቀ ሽያጭ የያዘው ግንኙነት ግን ለማንም አይዞርም፤ ሃያ ሱቆች ሽያጭ ጀምረው ቢተዉት ሁላችሁም ትቆማላችሁ። የአንድ ደቂቃውን ገደብ ማንሣት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ፣ በአባቴ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ፣ የዱቤ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሳትጠቀሙ የከፈላችሁንም አልረሳሁም፤ ያን ጊዜ ያልተለያችሁን ዛሬም እንዳትለዩን እለምናለሁ። ያላለቀ ሽያጭ በእናንተው ኮምፒውተር በረቂቅ እንዲቀመጥ እየሠራን ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ከገዢው ጋር በዋጋ ተስማምታችሁ ካበቃችሁ በኋላ ምዝገባውን ብትጀምሩ ደቂቃዋ ትበቃችኋለች።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት፣ ጎንደር