ስለ ተራራሽ ጉዳይ

የኔ ልጅ፣

ትናንት መምህርሽ ስለ ተራራሽ የጻፍሽውን ስላረመችብሽ አኩርፈሽ ስለተኛሽ ነው ይሄን የምጽፍልሽ። በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትማሪው ፊደል ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው? ያልገባሽን እናትሽን ጠይቂያት።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አምና «ቤተሰብም ይምጣ» የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ይዘሽ ስትመጪ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ረሳሁት ብዬሽ ነበር። አልረሳሁትም። «የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የማኦሪ ባህል ከእኛ ጋር ምን አገናኘው፣ ሒሳቡን በደንብ ያስተምሩልኝ እንጂ» ብዬ ነው የተውኩት። እኔ ባደግኩበት ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። ለሌላ ጉዳይ የተጠራ አባት አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ግን ለማታሪኪ፣ ለማኦሪ አዲስ ዓመት፣ የሃንጊ (ምግብ መሬት ውስጥ የሚበስልበት) ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ጠፋ ተባለ፣ አንቺም አለቀስሽ፣ ሄድኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ሰኔ እዚህም ክረምት ነው፣ የኦክላንድ ብርድ ግን አጥንት ይገባል። የሳሞአው አባት፣ የህንዱ አባትና እኔ ስንቆፍር፣ ኮሮ የምትሏቸው ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዙናል፤ ልክ የሰርግ ድንኳን ሲተከል እንደ ሰፈራችን አዛውንት፣ ምንም አይጥማቸውም። ድንጋዩ እሳት ላይ ሲግል ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ በላዩ ስጋው፣ ድንቹና ኩማራው (ስኳር ድንቹ) በቅርጫት ተደረደረ፣ እርጥብ ጆንያ ለበሰ፣ አፈር ተመለሰበት። ከዚያ እንፋሎት ባፈተለከ ቁጥር በአካፋ እየደፈኑ ሦስት አራት ሰዓት መጠበቅ ነው። ሥራው ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል።

እዚያ ስንጠብቅ ነው አንዲት አያት ያጫወቱኝ። እናታቸው ልጅ ሳሉ ክፍል ውስጥ በማኦሪኛ ስለተናገሩ ተገርፈዋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1867 የወጣው ሕግ የማኦሪ ልጆች ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሆን አደረገ፣ ቅጣቱም ተከተለ፣ የተገረፉት አድገው ሲወልዱ ልጆቻቸው እንዳይገረፉ ብለው ቋንቋውን ቤት ውስጥ ተዉት። በ1972 ከ30,000 በላይ ሰዎች ቋንቋችን ትምህርት ቤት ይግባልን ብለው ፈርመው ለፓርላማ አቀረቡ። በ1982 ደግሞ ዋይኑይኦማታ ላይ ኮሃንጋ ሬኦ የሚባለው የማኦሪኛ የሕፃናት ማቆያ የመጀመሪያው ተከፈተ፤ ሕፃናቱን ቋንቋውን የሚያውቁ አያቶችና እናቶች ተሰብስበው በማኦሪኛ ብቻ አሳደጓቸው። በ1987 የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ።

ያ ወረቀት ለምን እንደሚላክ የገባኝ ያኔ ነው። ትምህርት ቤቱ ከቤት የወሰደውን ነገር ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። አያት ካልመጣች ካራንጋውን፣ የእንግዳ መቀበያውን ጥሪ፣ ማን ይጠራል? ሴት ካልጠራች ደግሞ እንግዳ ማራይ (የማኦሪ መሰብሰቢያ ግቢ) አይገባም። ከመምህሯ መጽሐፍ ላይ የማይገኝ ነገር ስላለ ነው ቤተሰብ የሚጠራው።

(ለሽመና ስለሚቆረጠው የሃራኬኬ ቅጠል የነገርሽኝንም አልረሳሁም። መሃል ያለው ሪቶ ልጁ ነው፣ ግራና ቀኙ ወላጆቹ ናቸው፣ እነሱ አይነኩም፣ የሚቆረጡት ዳር ያሉት አያቶች ናቸው ስትዪ አያትሽ በስልክ ሰምታ «እኔን ነው የምትቆርጡት?» ያለችውን አስታውሰሽ ሳቂ።)

አሁን ወደ ፔፔሃሽ፣ በማኦሪ ወግ ራስሽን ወደምታስተዋውቂበት ንግግር፣ ልምጣ። «ተራራዬ ኦዋይራካ ነው» ብለሽ ጻፍሽ፣ መምህርሽ ደግሞ «እንደዚያ የሚለው ዘሩ ከዚያ የሚመዘዝ ሰው ነው፣ አንቺ ከጥላው ስር አደግኩ በዪ» አለችሽ። አንቺም «ታዲያ እኔ ተራራ የለኝም?» ብለሽ በሩን ዘጋሽው። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ደሜ ፈላ። እዚሁ የተወለደች ልጅ!

ሳስበው ግን መምህርሽ ልክ ናት። እኛስ አገር ብትሄጂ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው አይደል? የእኔን ስም ትነግሪያቸዋለሽ፣ አይበቃቸውም፣ የአያትሽን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ አገሩን። ፔፔሃ ማለት ይሄ ነው፤ ስምሽ መጨረሻ ላይ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

ተራራ አለሽ። ጉና ነው። ከአያትሽ ደጅ ሆነሽ ቀና ስትዪ ይታያል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይለብሳል። ወንዝሽ ጉማራ ነው፤ ከጉና ወርዶ ጣና ይገባል። እኔ በልጅነቴ ከብት አጠጥቼበታለሁ፣ አንድ ጊዜም ሊወስደኝ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ አብረን ስንኖር ይሄን አንድ ቀን አልነገርኩሽም፤ የነገርኩሽ መምህርሽ ስለጠየቀች ነው። ያ እኔን ነው የሚያሳፍረው፣ አንቺን አይደለም። ኦዋይራካም ከወጥ ቤታችን መስኮት የትም አይሄድም። ሁለቱንም ጻፊ፤ ጉናን የዘርሽ፣ ኦዋይራካን ያደግሽበት አድርገሽ።

ሐሙስ ማራይ ሄዳችሁ ስትናገሪ እመጣለሁ፣ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ። ከፖፊሪው (ከአቀባበሉ ሥነ ሥርዓት) በኋላ መብላት ግድ ነው ስላላችሁ እናትሽ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች። ጫማ ማውለቅ እንዳትረሳ ብለሽ ደግሞ እንዳትጨቀጭቂኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ እያወለቅኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሆንጊውን፣ የአፍንጫ ሰላምታውን፣ ግን ዛሬ ማታ አለማምጂኝ። ባለፈው አፍንጫ ለአፍንጫ እንነካካለን ስንል ከኮሮ ጋር ግንባራችን ተጋጭቶ ሰውየው መነጽራቸውን ሲፈልጉ ነበር።

አባዬ