በአግባቡ ያልተሠራ የፓምፕ ኮንትሮል እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ለ፡- ተከላውን ላከናወነው ድርጅት ቴክኒክ ክፍል
ደሴ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ በሚገኘው ሕንፃችን የገጠማችሁት አውቶማቲክ የፓምፕ ኮንትሮል በውሉ የተጻፈውን እየሠራ አይደለም። የጣሪያው ሮቶ ሲጎድል ሞተሩ ራሱ እንዲነሳ፣ ሲሞላ እንዲቆም፣ የምድር ታንከሩ ውሃ ሲያልቅ ደግሞ ጨርሶ እንዳይነሳ ነበር የተዋዋልነው።

5,000 ሊትር በሚይዘው ሮቶ ውስጥ ሁለቱ ፍሎተሮች (ከውሃው ጋር ወጥተው የሚወርዱ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያዎች) በአንድ ከፍታ ታስረው በፓራለል (ጎን ለጎን) ተያይዘዋል። ገመዳቸውም ስላጠረ በመነሻና በማቆሚያ መካከል ያለው ልዩነት 3 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 75 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ፓምፑ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ስለሚገፋ፣ ጠዋት ተከራዩ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ሞተሩ በሰዓት እስከ 20 ጊዜ ይነሳል። በተነሳ ቁጥር የመደበኛውን 6 እጥፍ ገደማ ከረንት ይስባል፤ ኦቨርሎዱ (ሞተሩን ከመጠን ካለፈ ከረንት የሚጠብቀው መሣሪያ) በየጊዜው ትሪፕ የሚያደርገው፣ ማለትም የሚቆርጠው፣ ለዚህ ነው። ባለሙያችሁ መጥቶ ያደረገው ግን ኦቨርሎዱን ከ5 ወደ 8 አምፒር ማዞር ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ፕሌት 5 አምፒር ይላል! መጠበቂያውን ማደንዘዝ ጥገና አይባልም።

የባሰው ታች ያለው ነው። ከምድር ታንከሩ ፍሎተር የመጣው ገመድ ፓነሉ ውስጥ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ ከኮንታክተሩ (ለሞተሩ ኃይል ከሚያገናኘው ማብሪያ) ኮይል፣ ማለትም ማብሪያውን ስቦ ከሚዘጋው ጥቅል ሽቦ ጋር አልተገናኘም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ታንከር መድረቁ አይቀርም። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲዞር ደግሞ ጭነቱ ስለሚቀልለት ከረንቱ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም፤ ኦቨርሎድ በ5ም ሆነ በ8 ይህን አይይዘውም። ውሃ ሊያቀዘቅዘው የሚገባው መካኒካል ሲል (በዘንጉ በኩል ውሃ እንዳይፈስ የሚዘጋው ክፍል) ግሎ ተሰንጥቋል፤ አሁን ከዘንጉ ሥር ውሃ ይንጠባጠባል።

እንዲሠራልን የምንጠይቀው፦ የታችኛው ፍሎተር ከኮይሉ ጋር በሲሪየስ (በተከታታይ) ይግባ፣ ውሃው ከመምጠጫው አፍ በላይ 30 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ይቁረጥ። ገመዱ ረዘም ይበል፤ አለዚያ እዚያም ያው መነሳትና መጥፋት ይመጣል። በሮቶው ውስጥ የመነሻው ፍሎተር ግማሽ ላይ፣ የማቆሚያው ከትርፍ ውሃ መውጫው 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይታሰርና ማቆሚያው እስኪቆርጥ ሞተሩ እንደተነሳ እንዲቆይ በኮንታክተሩ ረዳት መገናኛ (13 እና 14) መያዣ ይሠራላቸው። ልዩነቱ 2,000 ሊትር ገደማ ስለሚሆን ሞተሩ በሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ አይነሳም። ኦቨርሎዱ ወደ 5 ይመለስ፤ የተሰነጠቀው መካኒካል ሲል በዋስትናው ይቀየር። የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ (ከኃይል መስመሮቹ አንዱ ሲጎድል ሞተሩን የሚያጠፋው) ተከፍሎበታል፣ ፓነሉ ውስጥ ግን የለም፤ ወይ ይገጠም ወይ ገንዘቡ ይመለስ።

በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተፈጸመ፣ በእጃችን ያለውን 10 በመቶ የክፍያ መያዣ በውሉ መሠረት ለሌላ ባለሙያ እንከፍላለን።

ከሰላምታ ጋር
የሕንፃው ጥገና ክፍል