የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ የዓሣ ጉበትና የድፍድፍ ነዳጅ መርዝ

በደብረ ብርሃን የሚገኘው የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ የዘንድሮውን ጊዜውን በአብዛኛው ያዋለው፣ የባሕር ዓሦች በድፍድፍ ነዳጅ ሲበከሉ ሰውነታቸው መርዙን እንዴት እንደሚያስወግድ በማጥናት ነው። ርእሱን የመረጡት እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን በተባለው የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መድረክ ላይ ስለ ደረሰው አደጋና ወደ ባሕሩ ስለፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ ያነበቡ የ11ኛ ክፍል አባላት ናቸው።

ከድፍድፍ ነዳጅ ይዘቶች ይበልጥ የሚያሰጉት ባለብዙ ቀለበት ሃይድሮካርቦኖች (የካርቦን ቀለበቶች የተያያዙባቸው የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሑዶች) ናቸው። እነዚህ በስንጥብና በምግብ በኩል ወደ ዓሣው ይገባሉ፤ በስብ እንጂ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሙም እንደ ገቡ አይወጡም። ስለዚህ በጉበት ውስጥ ሳይፕ ዋን ኤ የተባለው ኢንዛይም ኦክስጅን ይጨምርባቸዋል፤ ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ግሉኩሮኒክ አሲድ ወይም ሰልፌት አያይዘው በውኃ እንዲሟሙ ያደርጓቸዋል፤ ከዚያም ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወገዳሉ። የዓሣው ሥጋ ንጹሕ መስሎ ሳለ ሐሞቱ ብክለቱን የሚያጋልጠው በዚህ ምክንያት ነው።

በዐቢይ ጾም ሰሞን ከገበያ የገዛነውን ቆሮሶ አባላቱ በጥንቃቄ ከፍተው፣ ጉበቱ ሥር የተሸጎጠችውን አረንጓዴ የሐሞት ከረጢት ሳትፈነዳ አውጥተዋል። ቆሮሶ የሐይቅ ዓሣ ቢሆንም የአካል ክፍሎቹ የሚሠሩት ሥራ ያው ነው።

አባላቱን ከሁሉ ይልቅ ያከራከራቸው በዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት ነበር። በአሜሪካ ፑጄት ሳውንድ በተባለው የባሕር ወሽመጥ በተበከለ የባሕር ወለል ላይ ከሚኖሩት ዓሦች እንግሊሽ ሶል የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ በጉበት ዕጢ በብዛት ሲጠቃ፣ የቅርብ ዘመዱ ስታሪ ፍላውንደር ግን እምብዛም አይጠቃም፤ ቤንዞፓይሪን የተባለው ሃይድሮካርቦን በጉበት ሲቀየር የሚፈጠሩት አደገኛ ውጤቶች በእንግሊሽ ሶል ዲኤንኤ ላይ ይበልጥ ይጣበቃሉና። በቨርጂኒያ ኤልዛቤት ወንዝ አፍ በተበከለው ውኃ የሚኖሩት ኪሊፊሽ የተባሉ ትናንሽ ዓሦች ደግሞ ሳይፕ ዋን ኤን የሚቀሰቅሰው ሥርዓት በዘር ለውጥ ስለተዳከመባቸው፣ ሌሎቹን ፅንሶች በሚገድል ብክለት ውስጥ ይፈለፈላሉ። መርዝን ፈጥኖ መቀየር ሁልጊዜ ከመርዝ መዳን አለመሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ከዚህ ተነሥተው መድረሳቸው፣ በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ውጤት ነው።

በመጪው ዓመት ክበቡ ከጋራዦች የሚወጣው የተቃጠለ ዘይት በየት በየት በኩል ወደ በሬሳ ወንዝ እንደሚደርስ በካርታ ለማስፈር አቅዷል፤ ይህም ዘይት ተመሳሳይ ሃይድሮካርቦኖች አሉበት። ዘይቱን አብርቶ ለመለየት የሚያስፈልገንን የአልትራቫዮሌት መብራት ሊያውሱን የሚችሉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ካሉ፣ በቤተ ሙከራው እንዲያነጋግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።