ያ ፎቶግራፍ የተነሣው ቦሌ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ያወጣችሁትን የድሮ አውሮፕላን ፎቶ ቆርጬ አስቀምጫለሁ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን አላስቀመጠኝም። «የመጀመሪያው በረራ፣ ቦሌ፣ 1938» ይላል። በ1938 ዓ.ም. ቦሌ ምን አውሮፕላን ማረፊያ ነበረና!

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ለመጀመሪያ ጊዜ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የበረረው ከድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ተነሥቶ ነው። አውሮፕላኑም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ፣ ሲ-47 የተባለ የጦር ማጓጓዣ ነበር። የዛሬ ተሳፋሪ መቀመጫዬ ጠበበኝ ሲል ይገርመኛል፤ ያኔ መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተጠግቶ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር። መንገደኛው ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፣ መሀል ላይ ጭነቱ በገመድ ታስሮ ይጓዛል። ጉልበትህ የሚነካው የሰው ወንበር ሳይሆን የነጋዴ ጓዝ ነው።

ቦሌ የመጣው ከጄት ጋር ነው። በ1955 ለገቡት ቦይንግ 720ቢ አውሮፕላኖች የልደታ ማኮብኮቢያ አጭር ነበር። ከዚያ በፊት ግን በ1953፣ ባለ አራት ሞተሩ ዲሲ-6ቢ በአክራ በኩል ሞንሮቪያ ደርሷል። አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋረጠ መስመር ነውና ለኔ ከካይሮው ይበልጥብኛል፤ እናንተ በአንድ መስመር እንኳ አላነሣችሁትም።

ሌላም አለ። «የ13 ወር ፀጋ»ን የአየር መንገዱ ማስታወቂያ አድርጋችሁታል። ፖስተሮቹ በየቲኬት ቢሮው ስለተለጠፉ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መፈክሩ ግን የመንግሥት የቱሪስት ድርጅቱ ነው፣ ያፈለቁትም የድርጅቱ መሥራች አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው።

ፎቶውን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ «ልደታ» በሉልኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ