ስፓኒሽ «በዝርዝሩ ውስጥ የለም» ላሉኝ ኃላፊ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ
አዲስ አበባ

ስምዎን አልጠራም፤ ሲያነቡት ራስዎን ያገኙታል። የመዝገብ ቤትዎ ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ወይም ከጠረጴዛዎ ሥር አሉ። የመጀመሪያው ከገባ ስምንት ወር አልፎታል። መልስ ባገኝ ኖሮ አራተኛውን በአደባባይ አልጽፍም ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ስፓኒሽ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ለአስተርጓሚነትና ለውጭ ግንኙነት ባለሙያ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ በተፈላጊ ችሎታው ላይ «በቋንቋ እና ተዛማጅ የትምህርት መስኮች የተመረቀ» ይል ነበር። ደስ ብሎኝ ገና በማለዳ ተሰለፍኩ። መስኮት 4 ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ዲግሪዬን አነበበ፤ ከዚያም ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው ባዶ ነው።

«የኔ እኅት፣ ስፓኒሽ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።»
«ቋንቋ አይደለም?»
«ቋንቋማ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም።»

ዝርዝሩን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ የውስጥ ሰነድ ነው አለኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት እንደሚል ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። ቅጹን ግን ሞልቼ ትቼው ወጣሁ።

እስከዚህ ያለው የማንኛውም ሥራ ፈላጊ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ብቻ ብዕር አላነሣም።

በጥር ወር ስልኬ ጮኸ። ከመሥሪያ ቤትዎ ፕሮቶኮል ክፍል ነው። ከኩባ እንግዶች መጥተዋል፣ የተዘጋጀው አስተርጓሚ ታሟል፣ ነገ ጠዋት ድረሽልን። ቁጥሬን ከየት እንዳገኙት ብጠይቅ፣ «ከሞላሽው ቅጽ ላይ» አሉኝ። ዝርዝሩ ያላወቃትን ሴት ችግር አወቃት ማለት ነው። «ለአገር ነው፣ እኅቴ» የሚለውም ተከተለ፤ ይህ ቃል ሲመጣ ስለ ክፍያ መጠየቅ ነውር ይመስላል።

ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን በስብሰባ አለቀ። በሁለተኛው ቀን በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ወዳለው ትግላችን ሐውልት ወሰድናቸው። ከእንግዶቹ አንዱ በኦጋዴን ጦርነት ከእኛ ጎን የተዋጉ ሽማግሌ ነበሩ። በጦርነቱ ከወደቁት ኩባውያን ምስሎች መካከል አንዱ ፊት ቆሙና ዝም አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር። ኩባውያን ደግሞ በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ይውጧታል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማርነው የማድሪዱን አነጋገር ስለሆነ፣ እንደዚያ ቀን ጆሮዬ የተፈተነበት ጊዜ የለም። አብሯቸው የሠፈረ የሐረርጌ ገበሬ ውኃ እንዴት እንዳካፈላቸው ነበር የሚያወሩት። አንድ በአንድ ተረጎምኩት። ምክትልዎ መሐረባቸውን አወጡ። ያስለቀሳቸው በእኔ አፍ የመጣላቸው አማርኛ ነበር።

ለሁለት ቀን ሥራ የተሰጠኝ ምሳና ሁለት ጠርሙስ ውኃ ነው። ስለ ውሎ አበል ብጠይቅ «መደቡ ስለሌለ በጀት የለውም» ተባልኩ። ይሁን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስጡኝ አልኩ። «ሠራተኛ ስላልሆንሽ መጻፍ አንችልም።» ሠራተኛ ለመሆን ደግሞ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማመልከቻዬ ስለዚህ ነበሩ።

ከሠራተኞችዎ አንዱ «ምን ሊሠራልሽ ነው የተማርሽው?» ብሎኛል። አጎቴ ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር። ከ1970 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት በኋላ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ሄደው ካደጉት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነው። የዚህ አገር ስፓኒሽ በአብዛኛው የተሸከመው በእነዚያ ልጆች ትከሻ ነው፤ ልጆቹ ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ጡረታም እየወጡ ነው። የእነሱን ቦታ ማን እንዲይዝ ታስቧል?

ሥራውም ሩቅ አይደለም። ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ ጥቂት ሲራመዱ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ፤ ስፓኒሽ ከድርጅቱ ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎቹ ይቆጥረዋል፤ ኢኳቶሪያል ጊኒ የምትናገረው እሱን ነውና። አየር መንገዳችን ማድሪድ ይበርራል፣ ቦነስ አይረስም ይደርሳል። ዲግሪው ብቻውን እንጀራ እንደማይጋግር ግን አውቃለሁ። በአንድ ጊዜ እየሰሙ መተርጎም ራሱን የቻለ ሥልጠና ይፈልጋል፤ በትልልቆቹ ድርጅቶች ደጃፍ ፈረንሳይኛም ይጠየቃል። አብረውኝ ከተመረቁት አንዱ የስፔን ቱሪስቶችን ያስጎበኛል፤ ሌላዋ ፒያሳ የስልክ ሽፋን ትሸጣለች። የሷ ስፓኒሽ ከእኔ ይሻላል።

ቀጥሩኝ ብዬ አልለምንም፤ እንድወዳደር መስኮቱ ይከፈትልኝ። ዝርዝሩን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉት፣ የሁለቱን ቀን ሥራዬንም በደብዳቤ አረጋግጡልኝ። ይህ ካልተቻለ ስልክ ቁጥሬን ከቅጹ ላይ ሰርዙት።

ከሰላምታ ጋር
የስፓኒሽ ቋንቋ ምሩቅ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (አራተኛ ማመልከቻ ተብሎ እንዲመዘገብ)
ለፕሮቶኮል ክፍል (በሚቀጥለው እንግዳ ጊዜ እንዲያነቡት)
ለመስኮት 4 (ጀርባው ባዶ ነው)