ስለ እናታችን ስለ ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

የእማዬ አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። ይህን መልእክት ከዚያ በፊት ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። እንባዬ እየቀደመኝ።

የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስትሮኩ ከመታት በኋላ አሥራ አራት ወር ተኝታለች። እሱን አልደግመውም።

የአዘዞ ሰዎች፣ ድንኳን የተከላችሁ የእድራችን አባላት፣ እንጀራ የጋገራችሁ፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ከእኛ ጋር ያደራችሁ፣ የተክለ ሃይማኖት ካህናትና ዲያቆናት፣ የጽዋ ማኅበሯ እናቶች፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ያከሟት ሐኪሞችና ነርሶችም እንዲሁ። ከእስራኤል፣ ከነታንያ ከተማ የደወላችሁልን የድሮ ጎረቤቶቻችን፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ከእህቴ ጋር ተቀምጣችሁ ያለቀሳችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ።

አሁን ስለ አንዲት ልጅ ልጻፍ። ስሟን አልጠራም፤ እንዳልጠራው ለምናኛለች። ቤታችን የመጣችሁ ሁሉ ግን አይታችኋታል። እጃችሁን ያስታጠበቻችሁ፣ ቡና ያቀረበችላችሁ ናት።

የዛሬ ስድስት ዓመት ነው ለሥራ የመጣችው፣ ከቆላ ድባ ወዲያ ካለ ገጠር። ትምህርቷን ከሦስተኛ ክፍል አቋርጣ ነበር። ልጅቷ በገባች በሳምንቷ እማዬ ይዛት ሄዳ የማታ ትምህርት አስመዘገበቻት። አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት።

እማዬ ስትታመም ግራ ጎኗ አልታዘዝ አለ። አንደበቷ ግን አልተያዘም። አልጋ ላይ እንደተኛች ልጅቷን ማስተማር ጀመረች። «ሁለት ሰዓት ሲሞላ አዙሪኝ። አትጎትቺኝ፤ ቆዳዬ ይላጣል። አንሶላውን ይዘሽ አንሺኝ። ትራሱን ከባቴ ሥር አድርጊው፣ ተረከዜ ፍራሹን አይንካ።» ምግብ ስታበላት ቀና አድርጋ ነው፤ የመጀመሪያው ጉርሻ መዋጡን ሳታይ ሁለተኛውን አታጎርሳትም። ደም ግፊቷን ጠዋትና ማታ ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እማዬ ደብተሩን ታስመጣና ታርማለች። ቀን ካልተጻፈበት ትቆጣለች።

ልጅቷ ሌሊት እንዲቀሰቅሳት የስልኳን ደወል ትሞላለች። ስምንት ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይጮኻል። እኔን ልጇን እንቅልፍ ሲጥለኝ እሷ ትነሳለች። እንዲህ ሆኖ አሥራ አራት ወር። አንዲት የአልጋ ቁስል አልወጣባትም። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የገነዟት እናቶች ከክፍሉ ሲወጡ «ገላዋ የሕፃን ገላ ነው» አሉኝ። ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም።

ሲስተር እኮ ሰው ስታስተምር ነው የኖረችው። ብዙዎቻችሁ ስሟን ያወቃችሁት ቀብሯ ላይ ነው፤ ለሰፈሩ ሲስተር ብቻ ነበረች። የደምቢያ ልጅ ናት። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም የተከፈተው በደምቢያ ብዙ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ነው። አያቴ በዚያ ወባ ሁለት ወንድሞቿን ቀብራለች። ልጇ ከዚያው ኮሌጅ ነርስ ሆና ስትወጣ እልልታዋ ሰፈር ያናወጠው ለዚህ ነው።

ክትባት በ1972 ዓ.ም በአገር ደረጃ ሲጀመር ለስድስት በሽታዎች ነበር። እማዬ የክትባቱን ሳጥን በበቅሎ ጭና ገጠር ለገጠር ትዞር ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለባት። እንዲያ ስትቸኩል ኖራ ነው መሰለኝ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላም ቀስ ብላ ስትራመድ አይቼ አላውቅም። በ77ቱ ረሃብ እብናት መጠለያ ሠርታለች። ስለዚያ አንድም ቀን አላወራችንም። ሕፃን የተረፈው ምግብ ሲደፋ ግን ማየት አትችልም ነበር። ከእጃችን ተቀብላ እሷ ትበላዋለች።

የት ደረስኩ? ይቅርታ፣ እሷን ካነሳሁ መመለስ ያቅተኛል።

የልጅ ልጆቿ ሰባት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሰልፋ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። ታማም አልተወችውም። እጃቸውን ደረቷ ላይ ያሳርፋሉ፣ በደህናው እጇ ትቆርጣለች። ከቀብሯ በኋላ በመጣው ቅዳሜ የእኔ ትንሹ ጥፍር መቁረጫውን ከመሳቢያ አውጥቶ ይዞ ለቅሶ ቤቱ መሃል ቆመ። ሁላችንም ክው አልን። ማንም አልተነሳም። እጁን ይዛ ወደ ጓዳ ያስገባችውና የቆረጠችለት ያቺው ልጅ ናት።

ለቅሶ ደራሹ ገብቶ እኔን ያቅፋል፣ ወንድሞቼን ያቅፋል። እሷ ትሪ ይዛ በመሃላችን ታልፋለች። በሦስተኛው ቀን ማታ ወጥ ቤት ስገባ የእማዬን አንሶላ ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ድምፅ የላትም። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ሰው እንኳ እግዚአብሔር ያጽናሽ አላላትም። እኔም አላልኳትም። እናት የሞተባት እሷም ነበረች። እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለቀስን።

እህቴ፣ ይህን ሰው አንብቦልሽ ሳይሆን ራስሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ። አንቺ ባትኖሪ እናቴ እንዲያ ተከብራ አትሞትም ነበር። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ ያልሽውን እማዬም ሰምታዋለች፣ እኛም ሰምተናል። ወጪው የእኛ ነው። የደም ግፊት መለኪያዋ ያንቺ ነው። ደብተሩን ግን እኔ አስቀምጬዋለሁ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ያንቺ ጽሑፍ ነውና አትቀየሚኝ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ባጃጅ አቁማችሁ ለቀስተኛ በነፃ ያመላለሳችሁ፣ ውኃ ያስቀዳችሁ፣ ስልክ ደውላችሁ ያላነሳሁላችሁ፣ በሐዘን ላይ ነበርኩና ይቅር በሉኝ።

ሰማንያዋ በመጪው ወር ነው። ስትመጡ በር ላይ የምትቀበላችሁ እሷ ናት። እባካችሁ፣ አቅፋችሁ እግዚአብሔር ያጽናሽ በሏት።

ልጇ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር